«ትልቁን ስጠኝ» ከማለታችሁ በፊት

 

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። ቡና እየጠጣችሁ ከሆነ እስከ በረካው ያደርሳችኋል። ነገሩ ስለ ኢንቨርተር ነው። አዎ፣ ስለዚያ ከሶላር ባትሪ ጋር ተያይዞ «ቲቪ ያበራል» ስለሚባለው ሳጥን። በቅርቡ ከግሼ ራቤል፣ ከሞላሌ፣ ከዓለም ከተማ እየደወላችሁ «ቲቸር፣ ስንት ዋት ልግዛ?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው አልኩ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ይሄ ጽሑፍ ንስሐም አለበት።

ንስሐው ይቅደም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ታላቅ እህቴ፣ እታለም ነው የምላት፣ ለቤቷ ሶላር ልታስገባ ተነሳች። ቤቷ ከመሐል ሜዳ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። የመብራት መስመር እዚያ አልደረሰም። ልጇ 12ኛ ክፍል ገብታ ነበር፣ ማታ ማታ በኩራዝ ዓይኗ ጠፋ። እታለም ስድስት በግ ሸጠች። የመንዝ ሰው በግ ሲሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። በጉ ባንካችን ነው። ሱፉ ባና ይሆናል፣ ግልገሉ የልጅ ደብተር ይሆናል፣ ሙክቱ ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

ከሱቁ ሆና ደወለችልኝ። «ወንድምዬ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ሰውየው ባለ 500ም ባለ 3000ም አለ ይለኛል። የቱን ልውሰድ?» አለችኝ። እኔ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ቶሎ ልገላገል ብዬ «ከገዛሽ አይቀር ትልቁን ግዢ፣ ትልቅ አይጎዳም» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ።

ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው እኮ ነኝ! ዋት በቮልት ሲካፈል አምፒር ይሰጣል እያልኩ ስንቶቻችሁን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስጨነቅሁ። ለገዛ እህቴ ግን አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቅ መልስ ሰጠሁ።

ብሩ ኢንቨርተሩ ላይ ስላለቀ ባትሪውና ፓኔሉ ትንሽ ሆኑ። አንድ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ጄል ባትሪና አንድ ባለ 150 ዋት ፓኔል። የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግ ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ ቴሌቪዥን ሊያይ መጣ። በሁለተኛው ሳምንት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መጥፋት ጀመረ። በወሩ ደግሞ ገና ራት ሳይቀርብ ሳጥኑ ጢጥ ጢጥ እያለ ይጮህ ጀመር። ሻጩ «ባትሪ ጨምሩ» አለ። ከየት ይጨመር? በሰባተኛው ወር ባትሪው ጨርሶ ሞተ። ልጅቷም ወደ ኩራዟ ተመለሰች።

ለገና ስሄድ መልቲሜትሬን ይዤ ሄድኩ፤ ከአንድ የድሮ ተማሪዬ የተዋስኩትን ደህና ባትሪም ለሙከራ አስጭኜ ነበር። አምፖሎቹን ሁሉ አጠፋሁ። ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ። ስልክ እንኳ አልተሰካም። ከዚያ ኢንቨርተሩ ብቻውን ከባትሪው የሚስበውን ለካሁ። 3 አምፒር!

ቁጭ አልኩ። በዚያ ቤት ማንም ሳይበላ ባትሪውን የሚበላው ራሱ ኢንቨርተሩ ነበር።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ብዕር ያዙ። 3 አምፒር በ12 ቮልት ሲባዛ 36 ዋት ነው። በ24 ሰዓት 864 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ይሄ ምንም ሳይሠራ፣ ዝም ብሎ በርቶ በመቆየቱ ብቻ ነው።

የእታለም ቤት በቀን የሚያስፈልገው ደግሞ ይሄ ነው፦

– 4 የኤልኢዲ አምፖል፣ እያንዳንዱ 7 ዋት፣ 5 ሰዓት፦ 140
– ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን፣ 50 ዋት፣ 3 ሰዓት፦ 150
– ሪሲቨር፣ 15 ዋት፣ 3 ሰዓት፦ 45
– 3 ስልክ፣ እያንዳንዱ 10 ዋት፣ 2 ሰዓት፦ 60
– ሬዲዮ፣ 10 ዋት፣ 4 ሰዓት፦ 40

ድምሩ 435 ዋት-ሰዓት። አያችሁ? አሽከሩ ከቤተሰቡ ሁሉ እጥፍ ይበላል!

ፓኔሉስ? 150 ዋት በቀን 5 ሰዓት ያህል ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 750 ነው። በኮንትሮለሩ፣ በአቧራው፣ በሽቦውና ባትሪው ሲሞላ የሚባክነው ሲቀነስ 70 በመቶውን ያዙ፣ 525 አካባቢ። ማለትም ፓኔሉ ቤተሰቡን ይችላል። ቤተሰቡንና ትልቁን ኢንቨርተር አንድ ላይ ግን በፍጹም አይችልም። ባትሪውም 100 አምፒር-ሰዓት በ12 ቮልት 1200 ዋት-ሰዓት ነው፤ እንዲህ ያለ ባትሪ ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሹ በላይ ባይራቆት ይመረጣል። ስለዚህ የሚበላው 600 ነው። 600ን ለ36 አካፍሉ፤ ወደ 17 ሰዓት ገደማ ነው። አንድም አምፖል ሳይበራ ዛሬ ማታ የሞላ ባትሪ ነገ ከሰዓት በኋላ ግማሹ የለም። ደመና ሲሆን ደግሞ የሚተካው የለም። ብዙ ኢንቨርተር የሚዘጋው ባትሪው ወደ 10.5 ቮልት ከወረደ በኋላ ነው። ያ ደግሞ ለባትሪው ከመጠን ያለፈ ጾም ነው። በየቀኑ እንዲህ የተራቆተ ባትሪ በሰባት ወሩ ቢሞት አይገርምም።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ነገሩን በእኛው አገር ላስረዳችሁ። ፓኔል ማሳ ነው። ባትሪ ጎተራ ነው። ኢንቨርተር ወፍጮ ነው። ከማሳው ያልመጣ፣ ጎተራው ውስጥ የሌለ እህል ወፍጮ ስላስተለቃችሁ አይገኝም። ትልቅ ወፍጮ ባዶውን ሲዞርም ናፍጣውን ይጠጣል። ሁለት ቁና ገብስ ያለው ሰው የከተማ ወፍጮ ቤት አይተክልም። እኛ ግን ሶላር ስንገዛ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ወፍጮውን አስተልቀን ማሳና ጎተራውን እናጠባለን።

ስለዚህ ሁለት ድምር አለ፤ እነዚህን አታምታቱ።

አንደኛው፣ አንድ ላይ ሊበሩ የሚችሉትን ዕቃዎች ዋት ደምሩ። ኢንቨርተር የሚመረጠው በዚህ ነው። የእታለም ቤት ሁሉም ቢበራ 28፣ 50፣ 15፣ 30 እና 10፣ ድምሩ 133 ዋት ነው። ግማሽ ያህል መጠባበቂያ ጨምሩበት፣ 200 ሆነ። ባለ 300 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ሦስት ሺህ ሳይሆን ሦስት መቶ!

ሁለተኛው፣ ዋቱን በሰዓት አባዝታችሁ የቀኑን ቀለብ ደምሩ። ባትሪና ፓኔል የሚመረጡት በዚህ ነው። ብሩ መግባት ያለበትም እዚህ ነው።

«መጠባበቂያው ለምን ግማሽ? ትንሽ አይበቃም?» የሚል ጎበዝ ተማሪ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዱ ምክንያት አገራችን ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ ነው፣ ጓሳ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፤ ስለዚህ ፋን እያዞረ ራሱን የሚያቀዘቅዝ ዕቃ እዚህ ቶሎ ይግላል። አምራቾች ሳጥኑ ላይ የሚጽፉት ዋት ብዙ ጊዜ እስከ 1,000 ወይም 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ የሚሠራ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ቀንሱ የሚል የመሐንዲሶች ልማድ አለ። በዚያ ብንሄድ 3,000 ሜትር ላይ 20 በመቶ ይቀነሳል፣ 300 የተባለው 240 ሆኖ ይሠራል ማለት ነው። ለ133 ዋት ግን አሁንም ይበቃል።

የመርሐቤቴ ልጆች ደግሞ «እኛ ቆላ ነን፣ ተረፍን» እንዳትሉ። ወደ ጀማ ሸለቆ ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል እንጂ ሙቀቱ አለ። ሙቀት ኢንቨርተርንም ያደክማል፣ ፓኔልንም ይቀንሳል። ደጋው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ፓኔል ብርድ ይወዳል። ብርድ ላይ ግን ቮልቴጁ ከፍ ስለሚል ፓኔል በተከታታይ ስታያይዙ የኮንትሮለሩን ጣሪያ እንዳታልፉ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ለባትሪ ጥሩ አይደለም። ሊቲየም ባትሪ ያላችሁ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ እንዳይሞላ ከደጅ አታሳድሩት፣ ከቤት ይግባ።

ሌላው ምክንያት ሞተር ያለበት ዕቃ ነው። ፍሪጅ ሲሠራ 100 ዋት ቢሆን ሲነሳ ግን ለጥቂት ሰከንድ አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊጎትት ይችላል። የውኃ ፓምፕም እንዲሁ። ስለዚህ መጠጥ የምታቀዘቅዙ ባለሱቆች እውነትም ከፍ ያለ ያስፈልጋችኋል፤ 1000 ዋት፣ ያውም ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚባለው። ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ የሚባለው ርካሹ ለአምፖልና ለስልክ ቻርጀር ያገለግላል፤ ሞተር ላይ ግን ያጓራል፣ ያግላል፣ ዕቃውን ያስረጃል። የፀጉር ማሽን ያላችሁ ልጆችም ሰምታችሁታል፣ ያ እንደ ንብ የሚጮኸው ነገር ከዚያ የመጣ ነው። እንግዲህ «ትንሽ ግዙ» ማለቴ አይደለም። «ቆጥራችሁ ግዙ» ነው የምለው። ለአንዱ ትልቅ የሆነው ለሌላው ልክ ነው።

«ነገ ዕቃ ብንጨምርስ?» ትሉኛላችሁ። ይሄ ነው ሁሉንም የሚያሳስተው። ነገ ዕቃ ስትጨምሩ መጀመሪያ የሚጎድላችሁ ኢንቨርተር ሳይሆን ፓኔልና ባትሪ ነው። እነሱን አስቀድሙ። ፍሪጅ በመጣ ቀን ለፍሪጁ የሚሆን ኢንቨርተር ይገዛል፤ ትንሹ ደግሞ ለማታ አምፖል ይቀመጣል። ሁለት ኢንቨርተር መያዝ ኃጢአት አይደለም። በቅሎ እያለች ለአንድ ቁና ጨው ፒካፕ የሚከራይ የለም።

«ምጣድስ?» አዎ፣ እሱንም የጠየቃችሁ አላችሁ። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3,500 ዋት አካባቢ ይጀምራል። በ12 ቮልት ባትሪ ይህን ለማውጣት ከ300 አምፒር በላይ ያስፈልጋል። ያንን የሚሸከም ሽቦ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ነው፤ ባትሪዎቹም ጓዳውን ይሞላሉ። ኢንቨርተሩ ላይ 5000 ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ «ምጣድም ይጋግርልሻል» ብሎ ለእናቶች የሚሸጥ ሰው ካለ ይፍራ፣ ያሳፍራል። በ12 ቮልት ከ1000 ዋት በላይ አትሂዱ። 1000 ዋት እንኳ ብክነቱ ሲጨመር ከ90 አምፒር በላይ ይጎትታል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ወደ 24፣ ሲብስም ወደ 48 ቮልት ይሂድ።

እዚህ ላይ አንድ የምናኮራበትን የራሳችንን አገር ታሪክ ላስታውሳችሁ። ወደ መርሐቤቴና ሚዳ በኩል ሬማ የምትባል መንደር አለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት መንደሯን በሶላር አበራት። በየቤቱ የገባው ምን ያህል ነበር መሰላችሁ? ወደ 10 ዋት የሚሆን ፓኔልና ጥቂት የኤልኢዲ መብራቶች። ቴክኒሻኖችም እዚያው ሬማ ላይ ይሠለጥኑ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 አሽደን የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። የተሸለመው ትልቅ ሳጥን ስለሰቀለ አይደለም። ኩራዝን ለማጥፋት ስንት ዋት እንደሚበቃ ቆጥሮ ስለተነሳ ነው።

ልብ በሉ፣ እንዲህ ያለ አነስተኛ ሥርዓት ኢንቨርተር የሚባል ነገር ጨርሶ አያስፈልገውም፤ መብራቱ በቀጥታ ከባትሪው ይሠራል። ዛሬ በ12 ቮልት ቀጥታ የሚሠሩ አምፖሎች፣ ቴሌቪዥኖች፣ የስልክ ቻርጀሮች በገበያ አሉ። ስለዚህ «ስንት ዋት ኢንቨርተር ልግዛ?» ለምትሉኝ ለአንዳንዶቻችሁ ትክክለኛው መልስ «ምንም» ነው። አምፖላችሁን፣ ስልካችሁንና ሬዲዮናችሁን በ12 ቮልት አድርጉ። ኢንቨርተር የሚያስፈልገው ለቴሌቪዥኑ ብቻ ከሆነ ትንሿን ግዙና ስታዩ አብሩ፣ ስትጨርሱ ዝጉ። መዝጋት ማለት ቴሌቪዥኑን በሪሞት ማጥፋት አይደለም፤ የኢንቨርተሩን ማብሪያ ራሱን ነው።

ይሄ ለምን ያንገበግበኛል? እ.ኤ.አ. በ2019 የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2025 መብራት ለሁሉም ሲያቅድ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጭ፣ በሶላርና በመሰሉ ለማዳረስ ነበር። ማለትም እንደ እህቴ ያሉ ቤቶች በሶላር እንደሚኖሩ በዕቅድም የታወቀ ነው። ሶላር ለእኛ ገደላገደል አገር «መስመር እስኪመጣ ማቆያ» ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ቤት መብራቱ እሱ ነው። መብራቱ እሱ ከሆነ ደግሞ አመራረጡ ቀልድ አይደለም። ከተማ ያለ ሰው ኢንቨርተር ቢሳሳት መብራት ሲጠፋ ብቻ ይቸገራል። ገጠር ያለች እናት ብትሳሳት በጎቿም ሄዱ፣ መብራቱም ሄደ፣ «ሶላር እኮ አይሠራም» የሚል ወሬም በመንደሩ ይተከላል። ወሬው ከባትሪው ይልቅ ዕድሜ አለው።

አያቶቻችን ልክ ያውቁ ነበር። ጓሳን ተመልከቱ። ሣሩ ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ሁሉ ያስፈልግ ነበር። ግን ማንም እንደፈለገ አላጨደውም። በቆሮ ሥርዓት ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይ፣ ቀን ተቆርጦ ይከፈት፣ እንደገና ይዘጋ ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመጣ ሥርዓት ነበር። ጓሳ ዛሬም ድረስ የቆየችልን ያለውን ቆጥሮ የመብላት ልማድ ስለነበረ ነው። እኛ የእነዚያ ሰዎች ልጆች ሆነን በአንድ ፓኔል ፊት የሌለንን የምንበላበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ልዩ መልእክት በሶላር ንግድ ላይ ላላችሁ ልጆቼ። በደብረ ብርሃንም፣ በመሐል ሜዳም፣ በዓለም ከተማም ሱቅ እንደከፈታችሁ አውቃለሁ፣ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ደንበኛ ሲገባ «ስንት ብር ይዘሃል?» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «ቤት ውስጥ ምን ምን አለ? የትኞቹ አንድ ላይ ይበራሉ? በቀን ስንት ሰዓት?» አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ዘላቂው ይሁን ወይስ ለሰከንዶች ብቻ የሚቆየው፣ አንብባችሁ ንገሯቸው፤ እንግሊዝኛውን እናንተ ናችሁ የምታነቡላቸው። ባዶውን ስንት አምፒር እንደሚበላም ከመግለጫው ላይ አሳዩአቸው። ትልቁን ሸጣችሁ ዛሬ ጥቂት ብር ታተርፋላችሁ። ልኩን ብትሸጡ ግን ያ ሰው ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል።

አስተማሪ የሆናችሁም አላችሁ። ኤሌክትሪክ ስታስተምሩ ልጆቹን የቤታቸውን ዕቃ አስቆጥሯቸው። ተማሪው ማታ ለአባቱ የሚያሰላበት ትምህርት ይሁን። እኔ ይህን ሳላደርግ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ቀመሩን ሰጠኋችሁ፣ ቤታችሁ እንድትወስዱት ግን አልነገርኳችሁም።

እታለም ጋ ልመለስና ላብቃ። ትልቁን ኢንቨርተር አንድ እንጨት ቤት ያለው ሰው በግማሽ ዋጋ ወሰደው። ባለ 300 ዋት ፒዩር ሳይን ዌቭ ገዛሁላት። ባትሪውን ከጡረታዬ ተካሁ። አምፖሎቹን ወደ 12 ቮልት ቀየርናቸው። ኢንቨርተሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ብቻ ይበራል። ይሄው እስከ ዛሬ፣ ክረምት ላይ ጉሙ ሲበዛ ቴሌቪዥኑን ከመቀነስ በቀር፣ አንድ ቀን ጨለማ አላደሩም።

ልጅቷ ግን የዚያን ዓመት ፈተና አላለፈችም። በሪሜዲያል ገብታ አሁን ደህና እየተማረች ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምክንያቱ መብራቱ ብቻ ነው አልልም። እሷም «ጋሼ፣ ተወው፣ ፈተናው ራሱ ከባድ ነበር» ትለኛለች። እታለምም አንድ ቀን እንኳ «አንተ ነህ ያሳሳትከኝ» ብላኝ አታውቅም። ያን ያህል ባትታገሠኝ ይሻለኝ ነበር። ስሄድ ቡና አፍልታ፣ መብራቱን አብርታ ትቀበለኛለች። እኔ ግን ያ አምፖል በበራ ቁጥር ስድስቱን በጎች እቆጥራለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ ይሄ ነው። እናታችሁ፣ አክስታችሁ፣ ጎረቤታችሁ ከሱቅ ሆና «የቱን ልውሰድ?» ብላ ስትደውል ቶሎ አትመልሱ። ለቅሶ ቤትም ብትሆኑ ወጣ በሉና «ቤትሽ ውስጥ ምን ምን አለ?» በሏት። ከዚያ ደምሩላት።

ስሌቱን ለመሥራት የተቸገራችሁ የዕቃችሁን ዝርዝርና ሰዓቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አብረን እንሠራዋለን። ገጠር ቤተሰብ ላለው ሰው ደግሞ ሼር አድርጉለት።

ደህና እደሩ፣ መብራታችሁ አይጥፋ።